ያልተደፋው ውሃ

ሞላን "እግርህን ምን ነካው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ፖሊዮ ነው። ጉልበቶቹ ታጥፈው፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ አንዱ እግር ሌላውን እያቋረጠበት በምርኩዝ ሲሄድ ያየው ሁሉ ይህንን ሰምቶ "እግዜር ይርዳህ" ብሎ ያልፋል። ፖሊዮ የሀብታም ቤትም ይገባል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የእውነተኛው በሽታ ስም ከተነሣ ግን የሰባ ሰባቱ ረኃብ አብሮ ይነሣል፤ ረኃቡ ከተነሣ ደግሞ ድስቱን የጣደችው እናቱ ትነሣለች። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፖሊዮ እንዳለ ኖረ። ፋብሪካ ሲቀጠርም በሕክምናው ወረቀት ላይ ያስጻፈው ይህንኑ ነው።

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል፣ የመሣሪያ ጠጋኝ ነው። ሙያውን የጀመረው በልጅነቱ ደሴ ፒያሳ፣ ሸረፈዲን ከሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ተቀምጦ ነበር፤ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ ሰርተፊኬት የያዘው በኋላ ነው። የሚኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከእናቱ ከፀሐይነሽ ጋር ነው። በየማለዳው ከደሴ ጉም ውስጥ በሚኒባስ ይወጣና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል። እጁ እንደማይሳሳት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የፋብሪካው ቀለም መለኪያ ሲበላሽ ከውጭ ባለሙያ ይምጣ ተብሎ አያውቅም።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ውስጥ አንድ ሐሙስ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አራጋው ቢሮ አስጠራው። ሲገባ አንዲት ወጣት ሴት ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘ። ኡሙሰልማ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ካለው የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ከዚያው ጎን ለጎን የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቷን ይዛለች። ሞላ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሲራመድ ዓይኗ እግሩ ላይ ከሌላው ሰው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ከዚያ ቶሎ ቀና አለች።

"አቶ ሞላ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር ነክተው ያውቃሉ?"

"ብርሃን በቀለም ውስጥ አሳልፎ፣ ቀለሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው የሚናገር ነው። የኛ ጨርቅ ላይ ነው የሚያነበው፤ የእናንተ ፈሳሽ ላይ ይሆናል። ሌላው አንድ ነው።"

"የኛ ምንም አያነብም። ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሳጥኑ ስናወጣው አንድ ቀን በራ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፋ፤ ያው ጠፍቶ ቀረ። አስመጪው ባለሙያ ከናይሮቢ ይመጣል ይላል፤ እስካሁን ግን የመጣ የለም።" ወደ ሞላ ዞራ ጨመረች። "ተማሪዎቼ መሣሪያውን የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ ስስልላቸው ነው። እኔም ለጥናቴ አንድ ናሙና ለማስለካት አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ እዚያም ወረፋ አለ።"

አቶ አራጋው ሞላን አየው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ያንተ ነው፤ ከፈለግህ።"

ሞላ ፈለገ።

*

በመጀመሪያው ቅዳሜ መሣሪያውን ከፍቶ ሆዱን ሲያየው የኃይል ሰሌዳው ተቃጥሎ፣ አምፖሉም ጠቁሮ ነበር። ኡሙሰልማ ጋውኗን ለብሳ አጠገቡ ቆማ ካቻቢቴውንና ቴስተሩን ተራ በተራ ታቀብለዋለች። "እችላለሁ" አላለም፣ "አልችልም"ም አላለም። የተቃጠሉትን ክፍሎች እየነቀለ ነጭ ወረቀት ላይ በተራ ደረደራቸውና ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ቁጥር ጻፈ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ግማሹን ከፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኞች፣ ግማሹን ከፋብሪካው ከተጣለ አሮጌ መሣሪያ ለቅሞ መጣ። አምፖሉን ግን የትም አላገኘም። መጨረሻ ላይ የከባድ መኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ የመኪና አምፖሎች እያገላበጠ ሲያይ ቆየና አንዷን መረጠ። መጠኗ አልገጠመም፤ ማቀፊያ በእጁ ሠራላት።

"የመኪና መብራት?" አለች ኡሙሰልማ።

"ብርሃን ብርሃን ነው። ቀጥ ብላ እንድትቆም ብቻ ነው የምንፈልጋት። ለዓይን ከሚታየው ቀለም ውጭ የሆነውን አታነብልሽም፤ ለሚታየው ግን ትበቃለች።" አንቺ ማለቱን ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው። እሷም ቅር አላላትም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጋሽ ሞላ" ትለው ጀመር።

"ለኔ የሚታየው ይበቃል። የኔ ቢጫ ነው።"

"ምንድን ነው የምትለኪው?"

"እህል ነው" አለች ቶሎ ብላ። "የእህል ጥናት ነው።" ከዚያም የላቦራቶሪ ብርጭቆ ለማጠብ ወደ ቧንቧው ዞረች።

በሦስተኛው ቅዳሜ መሣሪያው አነበበ። ኡሙሰልማ በሰማያዊ ውሃ የተሞላች ትንሽ ብርጭቆ የመሣሪያው ማስገቢያ ውስጥ ከተተች፤ ቁጥሩ ዘለለ፣ ዘለለና ቆመ። አውጥታ ደግማ ከተተች፤ ያው ቁጥር ላይ ቆመ። ወሬው እንዴት እንደተሰማ እንጃ፣ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡና በየተራ እየገቡ አንድ አንድ ጊዜ ለኩ። አንዷ ተማሪ ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ሞላ አያት። "አልሐምዱሊላህ" እያለች ኡሙሰልማ ትመላለሳለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ "በይ አሁን የራስሽን ለኪ" አላት ሞላ ደስ ብሎት። "ሠርቶ ሳላየው አልሄድም።"

ኡሙሰልማ ቆም አለች። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍታ በትናንሽ ከረጢት የታሰረ እህል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሞላ አንዱን ከረጢት ፈታ አደረገው። ግራጫ፣ ማዕዘናም፣ እንደ ትንሽ ጥርስ ያለ ፍሬ ነው። ካየው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ግን አልረሳውም።

"ጓያ" አለ።

"አዎ።"

"ከመጀመሪያው ቀን አውቀሻል።"

"አቶ አራጋው ቢሮ ሲገቡ ነው ያወቅሁት። ለጥናቱ ብዬ ደላንታም ጃማም ስዞር ብዙ ሰው አይቻለሁ። አረማመዱን ሰው አይስተውም፣ አንዴ ካየው። ልንገርዎት ብዬ አፌ ላይ እየደረሰ…" ዓይኗን ከረጢቱ ላይ ጣለች። "ፖሊዮ ነው ሲሉ ስሰማ ዝም አልኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሞላ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ሞላ ከረጢቱን መልሶ አሰረው። ምርኩዙን አነሣና ወጣ። በጣም አልተቆጣም፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያንን እህል እያየ መቀመጥ አልቻለም። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ፣ የተማሪዋ መዳፍ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የጓያው ከረጢት እየተፈራረቁ ፊቱ ላይ ይመጡ ነበር።

*

ፀሐይነሽ ቤት ውስጥ ጓያ አይገባም። የገበያ ሽሮም አይገባም፤ ማን ምን እንደቀላቀለበት አይታወቅም ባይ ናት። ሰኞ ገበያ ወርዳ ሽምብራና ባቄላውን በእጇ እየዘገነች፣ ወደ ብርሃን እያወጣች፣ አንድ በአንድ አይታ ነው የምትገዛው። ሻጮቹ ያውቋታል፤ "መርማሪዋ መጣች" ይሏታል። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ የምትናገረው ነገር የለም። ሞላም ጠይቋት አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተው ደጅ ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ጠየቃት።

"እማ፣ በሰባ ሰባት ምን ምን ነበር የምንበላው?"

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ሞላ የማትመልስ መስሎት ነበር።

"ጓያ ነበራ" አለች በመጨረሻ። "ሌላው እህል ሁሉ ሲደርቅ እሱ አይደርቅም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እሱን በላን። ለምን ጠየቅኸኝ?"

የዩኒቨርሲቲውን መሣሪያና የኡሙሰልማን ጥናት ነገራት። እሷ ግን መሬት መሬት ስታይ ቆይታ፣ ያልጠየቃትን ተናገረች።

"ቡዜ ነግራኝ ነበር።"

"ቡዜ ማናት?"

"ደላንታ ጎረቤታችን። 'ፀሐይነሽ፣ የነከርሽበትን ውሃ ድፊው፤ ክፋቱ ያለው ውሃው ላይ ነው' ብላኝ ነበር። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።" እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጨብጠው ጀመር። "ምንጩ ደርቆ የምንቀዳው ከገደሉ ሥር ነበር። ገና ሳይነጋ ወርጄ አንዲት እንስራ ይዤ ስወጣ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። አባትህ ሞቶ ነበር፤ የሚያግዘኝ የለ። ያንን ውሃ እንዴት ልድፋው? አልደፋሁትም። በዚያው ቀቀልኩት፤ የተረፈውንም አጠጣሁህ። በሚያዝያ አንድ ቀን ከመደብ ልትነሣ ስትል እግርህ እምቢ አለህ።"

"እማ…"

"እኔንም እኮ ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ ተወኝ። አንተን አልተወህም።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ሰው እግርህን ሲጠይቅህ ፖሊዮ ትላለህ። እኔን ለመሸፈን እንደምትለው አውቃለሁ። በሰማሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆርጠኛል።"

ሞላ ፖሊዮ ማለቱ እናቱን የሚያሳርፍ መስሎት ነበር የኖረው። ተንፏቆ አጠገቧ ተጠጋና ትከሻውን ከትከሻዋ አስደገፈ፤ ፀሐይዋ ወደ ጓሮ እስክትዞር ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።

*

ሰኞ ዕለት ከሥራ መልስ ቀጥታ ካምፓሱ ሄደ። ኡሙሰልማ የተማሪ ወረቀት እያረመች ነበር፤ ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሣች። እናቱ የነገረችውን ሳያስቀር ነገራት።

"እናቴ እንዳበሰለችው አድርገሽ ለኪው" አላት። "ውሃውን ሳትደፊ።"

ኡሙሰልማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እኔ እስካሁን ያነበብኩት ጥናት ሁሉ ውሃው እንደሚደፋ አድርጎ ነው የሚነሣው። ውሃ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም። መጠናት ያለበት ነገር ነው።" ከዚያ ፊቷ ጠየም አለ። "ግን ጋሽ ሞላ፣ ውጤቱ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አላውቅም። እናትዎን የሚያሳዝን ሆኖ ቢወጣም ያንኑ ነው የምጽፈው። አስበውበታል?"

"አስቤበታለሁ" አለ፤ ብዙ ግን አላሰበበትም ነበር።

ፀሐይነሽ እምቢ የምትል መስሎት ነበር፤ እሷ ግን "መቼ ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀች። ቅዳሜ ጥዋት ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሥራ ካስፈቀደው ልጇ ጋር ኮምቦልቻ ወረደች። ኡሙሰልማ በር ላይ ጠብቃ ሁለት እጇን ይዛ ሳመቻትና "እማማ፣ ዛሬ አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ተማሪ ነኝ" አለቻት።

እንዳለችውም ሆነ። ኡሙሰልማ ደብተር ይዛ ትጠይቃለች፣ ፀሐይነሽ ትመልሳለች። ፍሬው ተቆልቶ ነው ወይስ ጥሬውን ይነከራል? ስንት እፍኝ ለስንት ቅል ውሃ? ድስቱ ይከደናል? ፀሐይነሽ እህሉን በእፍኟ እየዘገነች ሳህን ላይ ስታደርግ ኡሙሰልማ እያንዳንዱን እፍኝ ሚዛን ላይ አኖረችው። አምስት እፍኝ መዘኑ። የአምስቱ ልዩነት ከጥቂት ፍሬ አይበልጥም ነበር።

"እማማ፣ እጅዎ እኮ ሚዛን ነው" አለች ኡሙሰልማ።

ፀሐይነሽ እጇን ገልብጣ አየችው። "ያኔ እፍኝ ነበር የምንቆጥረው። አንዲት እፍኝ ከተሳሳትክ ቀን ይጎድልሃል።"

ኡሙሰልማ ይህንንም ጻፈችው። ፀሐይነሽ የምትናገረውን ሰው ሲጽፍ አይታ አታውቅም፤ ብዕሩ ሲቆም እሷም ታቆማለች፤ ሲነሣ ትቀጥላለች። ጓያው ተነክሮ ቆይቶ በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ሲፈላ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሞላ ሊወጣ ብድግ አለና እናቱን አየ። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየመጣ፣ ሳትሸሽ፣ ማንኪያውን ይዛ ታማስላለች። ተመልሶ ተቀመጠ።

*

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ኡሙሰልማ አንድ ጊዜ የለካችውን አታምንም፤ ሁሉንም አምስት አምስት ጊዜ ደጋገመችው። መብራት በተቆራረጠ ቁጥር እንደገና ትጀምራለች፤ ሞላም ለመሣሪያው የመብራቱን ኃይል የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ሠርቶ አቆመለት። መርዙ ራሱ ቀለም የለውም፤ ኬሚካል ሲጨመርበት ነው ቢጫ የሚሆነው፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር መርዙ በዛ ማለት ነው። ሞላ ብርጭቆዎቹን ተደርድረው ሲያያቸው ቁጥሩ ሳይነገረው ገባው። የእናቱ ድስት ያለበት ብርጭቆ ከጥሬው ፍሬ እኩል ቢጫ ነበር።

"ምንም አልወጣለትም" አለ።

"ምንም ማለት ይቻላል። ከመቶው ዘጠና ሁለቱ እዚያው ነው ያለው።" ቀጥሎ ያለውን ብርጭቆ ጠቆመችው። "ይኸኛው አንድ ሌሊት ተነክሮ ውሃው የተደፋለት ነው። ስድሳ ስምንት። ሲሶው ያህል ይሄዳል፣ ሁለት ሲሶው ይቀራል። በፈላ ውሃ ተነክሮ ሁለቴ ከተደፋለት ደግሞ የሚቀረው ወደ ሠላሳ ይወርዳል።"

"ስለዚህ ቡዜ እውነቷን ነበር።"

"በከፊል።"

ሞላ ምርኩዙን መሬት ላይ አቆመና እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ። "ኡሙሰልማ፣ ለእናቴ ሁለት ሲሶው እንደሚቀር ብቻ ንገሪያት። ሲሶው እንደሚወጣ አትንገሪያት። ጽሑፍሽ ላይ የፈለግሽውን ጻፊ፤ እሷ አታነበውም።"

"እንደዚያ አላደርግም፣ ጋሽ ሞላ።"

"ምን ይጎዳሻል?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ያሰበችበትን ነገር ግማሹን ደብቄ ብነግራት ታውቀኛለች። እህል በፍሬ የምትመረምር ሴት ናት። ካወቀችኝ ደግሞ ያልደበቅሁትንም አታምነኝም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አብሽር፣ ጋሽ ሞላ። ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ግን ሁሉንም።"

በማግስቱ እሑድ ኡሙሰልማ ቧንቧ ውሃ መጣች። ፀሐይነሽ አስቀመጠቻት፣ ሻይ አፈላችላት፤ ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ኡሙሰልማ ምንም ሳታለዝብ፣ ምንም ሳታከርር ነገረቻት። ውሃው ባይደፋ ምን ያህል እንደሚቀር፣ ቢደፋ ምን ያህል እንደሚቀር።

ፀሐይነሽ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። "ደፍቼው ቢሆን ልጄ በደህና እግሩ ይሄድ ነበር?"

ሞላ ወደ ኡሙሰልማ ዞረ።

"እሱን አላውቅም፣ እማማ" አለች ኡሙሰልማ። "መሣሪያው ያንን አይለካም፤ ማንም ቢሆን አውቃለሁ ካለ ይዋሻል። የማውቀውን ልንገርዎት። ውሃው ቢደፋም ሁለት ሲሶው ድስቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጓያ የሚሰብረው፣ ሰው እሱን ብቻውን፣ ሌላ እህል ሳይቀላቅል፣ ወራት ሲበላው ነው። እናንተ የበላችሁት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ለአምስት ወር ከተበላ ሁለት ሲሶውም ለመስበር ይበቃል። ውሃቸውን እየደፉ የተሰበሩ ሰዎች በየሄድኩበት አጋጥመውኛል። አንድ እፍኝ ገብስ ቢቀላቀልበት ነበር ብዙ የሚለየው።"

"ገብስ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

"ስንዴም አልነበረም። ምንም አልነበረም።"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ኡሙሰልማ ትንሽ አመነታችና "አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ያንን ውሃ ደፍተውት ቢሆን፣ በማግስቱ ልጅዎ ምን ይጠጣ ነበር?"

ፀሐይነሽ ይህንን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስባው እንደማታውቅ ከፊቷ ይታወቅ ነበር።

"የእነ ደጉ ልጆች" አለ ሞላ። "እማ፣ ታስታውሻቸዋለሽ? ሦስቱ። አብረውኝ የሚጫወቱት።"

"እንዴት እረሳቸዋለሁ።"

"ጓያ አልነበራቸውም። አባታቸው አልዘራም ነበር። እግራቸውን ምንም አልነካውም፤ እስከ መጨረሻው ቀን ይሮጡ ነበር።" ወደ እናቱ ተጠጋ። "የካቲት ላይ ቀበርናቸው። እኔ ይኸው፣ አለሁ። በአንቺ ጓያና በአንቺ ውሃ ነው ያለሁት። ወደ ደሴ ያን ሁሉ መንገድ አዝለሽ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ 'ጓያ ሰብሮኝ ነው፣ እናቴ ግን አተረፈችኝ' እላለሁ።"

ፀሐይነሽ አለቀሰች። ኡሙሰልማ ልትነሣ ስትል ሞላ በዓይኑ ተቀመጪ አላት። ሴትዮዋ ድምፅ ሳታሰማ ብዙ አለቀሰች፤ ሲበቃት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና የኡሙሰልማን ብርጭቆ ነካ ነካ አደረገችው። "በረደብሽ እኮ ልጄ" ብላ ሻይውን ልታሞቅ ተነሣች።

*

ዩኒቨርሲቲው ሞላን ሊቀጥረው ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ ግን ለላቦራቶሪ ባለሙያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ እሱ ያለው ሰርተፊኬት ነው። የትምህርት ክፍሉ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለቱም መልስ ሳያገኙ ቀሩ። ሞላ አልከፋውም። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች መሣሪያ እንዴት እንደሚከፈት፣ መዝጋቱ ደግሞ እንዴት ከመክፈቱ እንደሚከብድ ያሳያቸው ጀመር። ሳይፈሩ የሚነካኩ አራት አምስት ልጆች ወጡለት።

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ኡሙሰልማ ጥናቷን ይዛ ደላንታ ወጣች። ለገበሬዎቹ የምትነግረው አጭር ነገር ነበር፤ ጓያን በፈላ ውሃ ነክራችሁ ሁለቴ ድፉ፤ ብቻውንም አትብሉት። ሞላም እናቱም አብረዋት ሄዱ። ፀሐይነሽ አገሯን ከለቀቀች ወዲህ ስትመለስ የመጀመሪያዋ ነው። ኩታበርን አልፈው መኪናው ገደሉን ሲወርድና ሲወጣ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳትነቅል የየመንደሩን ስም ለራሷ ትጠራ ነበር።

ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ኡሙሰልማ ጥቂት ከተናገረች በኋላ ቦታውን ለፀሐይነሽ ለቀቀች። ፀሐይነሽ ድስቱን ጥዳ፣ ነክራ፣ ደፍታ አሳየቻቸው። ከዚያ ያላሰበችውን አደረገች፤ ሞላን ጠርታ አጠገቧ አቆመችውና "ይሄ ልጄ ነው፤ ጓያ ሰብሮት ነው" አለች። ሴቶቹ አዩዋቸው። ብዙዎቹ የሚያውቁት አረማመድ ነው።

ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ከኋላ እጇን አወጣች። "እማማ፣ ውሃ ባይኖርስ?"

ፀሐይነሽ ወደ ኡሙሰልማ ዞረች። ኡሙሰልማ ደብተሯን ከፈተች። "እሱን ገና አላወቅነውም" አለች። "ቆልቶ መብላቱ ምን ያህል እንደሚቀንሰው እየለካን ነው። ኢንሻአላህ ስናውቀው ተመልሰን እንነግራችኋለን።"

"እስኪያውቁት ድረስ" አለች ፀሐይነሽ ለወጣቷ፣ "ገብስሽን አትጨርሺ። ከጓያው ጋር ትንሽ ትንሽ ቀላቅይበት፤ አንድ እፍኝም ቢሆን። እህሉም ውሃውም ጠፍቶ የሆነ እንደሆነ ግን…" ቆም ብላ በወጣቷ ጀርባ ላይ የተኛውን ሕፃን አየች። "ያለሽን ታበያለሽ። ልጅሽ ይኑር። ሌላው በኋላ ነው።"

ወጣቷ አንገቷን ነቀነቀች። ፀሐይነሽ ሄዳ የሕፃኑን እግር በመዳፏ ያዝ አደረገችና፣ ስንት ወሩ እንደሆነ እየጠየቀቻት፣ ሁለቱ ወሬ ጀመሩ።